«ፖስታውን ሳይከፍት»

ጦሳ ስር፦ ትናንት አንድ ሰው እዚህ «ዳክዳክጎ የሚባለው የፍለጋ ኩባንያ ላይ ተለዋጭ ኢሜይል አውጡ፣ ፖስታውን ሳይከፍት ወደ ጂሜይላችሁ ያስተላልፍላችኋል» ብሎ ጽፎ ሄደ። ሰዉም ላይኩን አዘነበለት። ትራከሩን፣ ላኪው የደበቀውን መከታተያ ማለት ነው፣ ለቅሞ አውጥቶ የሚልክ ከሆነ ሳይከፍት በምኑ አየው?

ቦርከና፦ እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ «አንድ ሰው» አትበለኝ። ሰው አይከፍተውም ማለቴ ነው፣ ማሽን ነው። በዓይን የማትታየዋን ነጥብ የምታክል ምስል ያወጣል፣ ሌላውን ይልካል። ያቺ ነጥብ መቼ እንደከፈትክ፣ በምን ስልክ፣ በየትኛው አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) እንደሆነ ለላኪው ታቃጥራለች። ኩባንያው ደግሞ ኢሜይላችሁን አላስቀምጥም ብሏል።

ጦሳ ስር፦ «ብሏል»! አብሽር፣ እንግዲህ ካለ አለቀ። በፈረንጆቹ 2022 የዚሁ የዳክዳክጎ ብሮውዘር የማይክሮሶፍትን ትራከር ሲያሳልፍ የተያዘውስ ማን ነበር? የፍለጋ ውል ስለነበራቸው።

ቦርከና፦ እሱ ብሮውዘሩ ነው፣ ኢሜይሉ አይደለም። አታደባልቅ። ደግሞ በዚያው ዓመት አስተካክለውታል።

ጦሳ ስር፦ ከተያዙ በኋላ።

የፒያሳው፦ እኔ ከኮምቦልቻ ደሴ ዶክመንት በሚኒባስ ሹፌር ነው የምልከው። ሊከፍተው ይችላል፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ሹፌር ማመን ይሻላል ወይስ የሱቁን፣ የባንኩን፣ የማስታወቂያውን ሁሉ?

ጦሳ ስር፦ ሹፌሩን ታውቀዋለህ፣ መነኻሪያ ሄደህ ታንቀዋለህ። ይሄኛውን የት ታገኘዋለህ?

የድሮው ፖስታ ቤት፦ ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ደብዳቤ አድያለሁ። ፖስተኛ ፖስታ አይከፍትም። የናንተው ከከፈተ ፖስተኛ አይደለም፣ ሌላ ስም ፈልጉለት።

ቦርከና፦ ጋሼ፣ እርስዎ ልክ ነዎት፣ ምሳሌዬ ነው የተበላሸው። ሐሳቡ ግን አልተበላሸም።

ጦሳ ስር፦ «ሳይከፍት» ያልከው ተነሳ ማለት ነው?

ቦርከና፦ «ሰው ሳይከፍት» በለው። ጨረስን?

ጦሳ ስር፦ አልጨረስንም። ፖስቱን ኤዲት አድርገው።

ካምፓስ ኮምቦልቻ፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ነው የምታወሩት። ጂሜይል እኮ ከፈረንጆቹ 2013 ጀምሮ ምስሉን በራሱ ሰርቨር በኩል ነው የሚያሳየው፣ አይፒህ ለላኪው አይደርስም። መክፈትህን ግን ሊያውቅ ይችላል። እሱንም ካልፈለግክ ሴቲንግ ገብተህ ምስል ሳይጠይቅህ እንዳይከፍት አድርግ። ነጻ ነው፣ መሃል የሚገባም የለም። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ፓስወርድ ስትረሳ ማስተካከያው ሊንክ የሚመጣው በዚያው በተመዘገብክበት ተለዋጭ አድራሻ ነው። አስተላላፊው ከተዘጋ ወይ አንተ ከዘጋኸው በሩ ተቆለፈብህ። እኔ ሥራ ያመለከትኩበትን አድራሻ «ስፓም በዛ» ብዬ ራሴ ዘጋሁት። የፈተናው ጥሪ የመጣው በሱ ነበር። ማንን ልውቀስ?

የፒያሳው፦ ወላሂ አሳዘንከኝ። ግን ኮምቦልቻ ላይ ስላለህ ይሆናል፣ ደሴ ብትሆን በሰው ይነግሩህ ነበር 😂

ካምፓስ ኮምቦልቻ፦ ደሴ ብሆን ብርዱ ይገድለኝ ነበር። ኢንዱስትሪ ፓርኩ የት እንዳለ አትርሳ።

የፒያሳው፦ መጣ ደግሞ በፓርኩ።

ቦርከና፦ ለባንክና ለሥራ ዋናውን ኢሜይል፣ ለሱቅና ለዜና ተለዋጩን በሉ ነው የምለው። ከመጀመሪያም ያልኩት እሱን ነው።

ጦሳ ስር፦ አላልክም። ትናንት «ለሁሉም» ነው ያልከው። ስክሪንሹት አለኝ።

ቦርከና፦ ስክሪንሹት የሚያነሳ ሰው ነው ስለ ግላዊነት የሚከራከረኝ!

የድሮው ፖስታ ቤት፦ ያ ኤዲት ግን አሁንም አልተደረገም።