የሸማ ትራስ ልብስ ሲታጠብ ይጠባል፣ ምን ይሻላል?

ጠያቂ፦ ሰላም። ለሽያጭ የሚሰፋ 45 በ45 የሶፋ ትራስ ልብስ አንዴ ሲታጠብ ጠቦ ትራሱ አልገባ ይላል፤ ጠርዙም ይተረተራል። ገበር ይፈታዋል?

መልስ 1፦ ገበር ብቻውን አይፈታውም። ሸማ ተወጥሮ ስለሚሸመን ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል። ሳትቆርጪ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፊው፣ ሳትጠመዝዢ አስጪው፣ እርጥበቱ ሳያልቅ ተኩሺው። ለገበር የምትጠቀሚበትን አቡጀዲም እንዲሁ አድርጊው፤ ያለዚያ አንዱ ብቻ ጠቦ ፊቱ ይጨማደዳል።

መልስ 2፦ የጠርዙ መተርተር ለስፌት ከሚተወው ትርፍ ጨርቅ ማነስ ነው። በየጎኑ 1.5 ሳንቲም ተዪ፣ ማለትም 48 በ48 ቁረጪ። ሳትገጣጥሚ እያንዳንዱን ቁራጭ ዙሪያውን ዚግዛግ ምቺው። መርፌ ቁጥር 80፣ የስፌት ርዝመት 2.5 ሚሊሜትር ይበቃል። የሳሳ ሸማ ከሆነ መኪናው ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ከስር ስስ ወረቀት አድርገሽ ስፊና በኋላ ቅደጂው። ጋዜጣ ግን አይሁን፣ ቀለሙ ነጩን ያቆሽሻል!

መልስ 3፦ ዚፑን መጀመሪያ ስፊ፣ ሌላውን ሦስት ጎን ስትዘጊ ዚፑ ግማሽ ድረስ ክፍት ይሁን፤ ከተረሳ መገልበጫ የለሽም። ቀይ ጥለት ካለው እርጥብ ነጭ ጨርቅ ደርበሽ ተኩሺበት። ቀለም ከወጣ ያ ጥለት ለነጭ ትራስ አይሆንም፤ ደንበኛም ታጪበታለሽ።