ለእኅቴ ሠርግ የማሰፋው ቀሚስና የኮሎስቶሚ ከረጢቱ፦ ለልብስ ሰፊው ምን ልበለው?

የጣና ዳሯ መምህርት፦

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር የምኖር የ35 ዓመት መምህርት ነኝ። ከ5 ወር በፊት አንጀቴ ተጠማዞ በድንገት ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በኮሎስቶሚ ከረጢት (ትልቁ አንጀት በሆድ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ወጥቶ ሰገራው በሚጠራቀምበት ከረጢት) እየኖርኩ ነው። ሐኪሞቹ አንጀቱ ወደፊት ተመልሶ ሊገጠም እንደሚችል ነግረውኛል፤ ቀኑ ግን አልተቆረጠም፤ የታናሽ እኅቴ ሠርግ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ነው።

ታላቅ እኅት ስለሆንኩ እንግዳ የምቀበለውም፣ በፎቶ ሁሉ ውስጥ የምቆመውም እኔ ነኝ። ለሠርጉ ምሽት ረጅም ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ፣ ለመልሱ ደግሞ የቤተሰቡ ሴቶች ሁሉ በአንድ ዓይነት ጥበብ የምናሰፋውን የሐበሻ ቀሚስ እለብሳለሁ። ችግሬ ስቶማው፣ ማለትም አንጀቴ በሆዴ ላይ የወጣበት ቀዳዳ፣ ከእምብርቴ በስተግራ፣ ልክ መቀነት በሚያርፍበት መስመር ላይ መሆኑ ነው። ቀዶ ሕክምናው የጥድፊያ ስለነበር ቦታውን ከልብሴ ጋር አስማምቶ ለመምረጥ ጊዜ አልነበረም፤ ሕይወቴን ስላተረፉልኝ በዚህ አላማርርም።

ባለፈው ሳምንት የድሮ ቀሚሴን ለብሼ ጠዋት መስታወት ፊት ስቆም ምንም አይታይም ነበር። ከምሳ በኋላ ግን በግራ በኩል ጎላ ብሎ ወጣና አንዲት ደግ ጎረቤቴ «እንኳን ደስ ያለሽ፤ ስንት ወርሽ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳቅሁ፤ ቤት ገብቼ ግን ቀሚሱን ዳግመኛ ላልለብሰው አጥፌ አስቀመጥሁት። በዚህ ሁኔታ ያለፋችሁ ወይም ሙያው ያላችሁ፣ ምን ዓይነት ጨርቅና ቅድ እንደሚሻል፣ መቀነቱን እንዴት እንደማስር፣ ለልብስ ሰፊው እውነቱን መናገር ይኖርብኝ እንደሆነም ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ትውሉልኛላችሁ።

ባለ ሰደርያው፦

እኅቴ፣ እንኳን ለእኅትዎ ሠርግ አበቃዎት። እኔ ከኢሊኦስቶሚ (ከትልቁ ይልቅ ትንሹ አንጀት በሆድ ላይ ከሚወጣበት) ጋር መኖር ከጀመርኩ 7 ዓመት አልፎኛል፤ የእኔ ቋሚ ነው። ሥራዬ የቢሮ ስለሆነ ሙሉ ልብስና ከረባት የዘወትር ልብሴ ነው። ስለ ሴት ቀሚስ የማውቀው ጥቂት ቢሆንም፣ በመጀመሪያው ዓመት የሠራሁትን ስህተት ልንገርዎ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው በዚያው መንገድ ሲሄድ አያለሁ።

ከረጢቱን ለመደበቅ ብዬ ከልኬ በሁለት ቁጥር የሚበልጡ ኮቶች ገዛሁ። ከረጢቱ ተደበቀ፤ ነገር ግን ትከሻው ወርዶ፣ እጅጌው መዳፌን ሸፍኖ ሲያዩኝ ሰዎች «ምነው እንዲህ ከሳህ?» ይሉኝ ጀመር። ማንም ያላየውን ነገር ልደብቅ ብዬ፣ ሁሉም በሚያየው ልብስ ታማሚ መሰልሁ። ከዚያ በኋላ ትከሻውና ደረቱ ልክ የሆነ፣ ከደረት በታች ብቻ ጥቂት የሚለቅ ኮት አሰፋሁ፤ ቀበቶውን ትቼ ሱሪዬን በትከሻ በሚያልፍ ማንጠልጠያ ያዝሁት፣ በላዩም ሰደርያ ደረብሁበት። ሰደርያው ማንጠልጠያውንም ከረጢቱንም ስለሚሸፍን፣ ኮቴን አውልቄ እንኳ ሰው ፊት እቀመጣለሁ። ለእርስዎም ትርጉሙ ተመሳሳይ ይመስለኛል፦ ትከሻ፣ አንገትና እጅጌ ልክ ይሁኑ፤ የሚለቀው ሆድ አካባቢ ብቻ ይሁን።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የእርስዎ ኮሎስቶሚ ስለሆነ ዋናው ጉዳይ ጋዝ ነው፤ ለስላሳ፣ ቢራ፣ ሽሮ፣ ጥቅል ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ብዙ ሰዎችን ይነፋሉ፤ የእርስዎን ግን ከአሁኑ እየሞከሩ ይወቁ። ልብሱ እንዲያምር ብሎ ጦም መዋል ደግሞ መፍትሔ አይደለም፤ ባዶ አንጀትም ጋዝ ይሠራል። (ለእኔ ብጤ ባለ ኢሊኦስቶሚ ግን የቡናው ፈንዲሻና ቆሎ መተላለፊያውን ሊዘጉ ስለሚችሉ፣ በትሕትና «ጠግቤአለሁ» ማለትን ተምሬአለሁ።)

የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ፦

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ልብሱ ውበት የሚናገሩ ሌሎች አሉ፤ እኔ ልብሱ ጉዳት እንዳያደርስ ጥቂት ልበል።

ስቶማ ሕመም የሚሰማበት ነርቭ የለውም። ስለዚህ ጠባብ መቀነት፣ ቀበቶ ወይም ወገብ ማጥበቂያ ቀኑን ሙሉ ቢፈትገው እርስዎ ሳይሰማዎት ሊቆስልና ሊደማ ይችላል። ከዚህም ሌላ ከረጢቱ በጨርቅ ሲጨፈለቅ የሚወጣው ነገር ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ያጣና ስቶማው ዙሪያ ይከማቻል፤ ከዚያም ማጣበቂያውን እየገፋ ይፈስሳል። ደገፍ የሚያደርግ ለስላሳ፣ የሚለጠጥ የውስጥ ልብስ ግን ጥሩ ነው።

ከረጢቱን ሲሶው ሲሞላ ባዶ ያድርጉት፤ ግማሽ እስኪደርስ አይጠብቁ፤ ይህ ከየትኛውም ቅድ በላይ ሆድዎን ያስተካክላል። አዲሱን ከረጢት በሠርጉ ጠዋት ከመለጠፍ ይልቅ በዋዜማው ቢለጥፉት፣ ማጣበቂያው በደንብ ለመያዝ ጊዜ ያገኛል። ሠርግ ስለሆነ ሰውነትዎን ቅባት ወይም ሎሽን ይቀቡ ይሆናል፤ ማጣበቂያው በሚያርፍበት ቆዳ ላይ ግን ምንም እንዳይነካ፣ ቅባት ካለበት አይይዝም። ትርፍ ከረጢት፣ እርጥብ መጥረጊያና ጥቁር ፌስታል በእጅ ቦርሳዎ ይያዙ፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ግን አይተዉት፣ ሙቀት ማጣበቂያውን ያበላሸዋል።

አንድ ጥያቄም አለኝ። ያ ጎላ ያለው ነገር ከረጢቱ ባዶ ሆኖ ሲቆሙና ሲያስሉም ይታያል? የሚታይ ከሆነ በስቶማው ዙሪያ የሚወጣ ሄርኒያ (አንጀት በላላ የሆድ ጡንቻ በኩል ገፍቶ የሚያወጣው እብጠት) ሊሆን ስለሚችል፣ ወደ ልብስ ሰፊው ከመሄድዎ በፊት ሐኪምዎ ይየው።

መቀስ ይዤ፦

በልብስ ስፌት ሥራ 20 ዓመት አልፎኛል፤ የሠርግ ወቅት ሲደርስ እንቅልፍ የማጣ ሰው ነኝ።

በመጀመሪያ፣ ይነገር ወይስ አይነገር ለሚለው፦ የበሽታውን ስም መናገር ግዴታ የለብዎትም። «በግራ በኩል ወገቤ ላይ የሕክምና ዕቃ አለ፤ ቀን ይጨምራል፣ ይቀንሳል» ማለት ይበቃል። እኛ አንዱ ትከሻው የወረደ፣ ጀርባው የጎበጠ፣ በየሳምንቱ ሆዷ የሚገፋ ነፍሰ ጡር ስንለካ የምንውል ሰዎች ነን። ሳይነግሩት ከቀሩ ግን ሜትሩን አጥብቆ ይለካዎታል፤ እርስዎም ተሳቀው ሆድዎን ወደ ውስጥ ይስባሉ፤ ቀሚሱ ላልሆነ ሰውነት ይሰፋል። ሲለኩም ሆነ ሲሞክሩ ከረጢቱ ባዶ አይሁን። ምሳ በልተው፣ እስከ ሲሶው በሞላበት ሰዓት ይምጡ፤ ቆመው ብቻ ሳይሆን ተቀምጠውና ጎንበስ ብለውም ይሞክሩት።

ወደ ሐበሻ ቀሚሱ ስንመጣ፣ ትልቁ ጠላትዎ መቀነቱ ሳይሆን የጥበቡ ጠርዝ ነው። ጥበብ በድርና ማግ የተጠጋጋ ስለሆነ ከቀሪው ሸማ ይልቅ ይደርቃል። ፊት ለፊት ከአንገት እስከ ጫፍ የሚወርደው ጥበብ ጠርዙ ከረጢቱ መካከል ላይ ካረፈ፣ ያ ጠርዝ እንደ ጣሪያ ክዳን ቀና ብሎ ከረጢቱን ያሳብቃል። ስለዚህ ወይ ጠበብ ብሎ በመካከል ይውረድ፣ ወይ ከረጢቱን አልፎ እስኪሄድ ሰፋ ይበል። እኔ ሰፊውን እመርጣለሁ፤ ዓይን የጥበቡን ሐረግ እየተከተለ ይወርዳል እንጂ ከሥሩ ያለውን አይፈልግም። ቤተሰቡ የመረጠው ጥበብ ጠባብ ከሆነ፣ ሁለት መስመር ጎን ለጎን ማስፋት ይቻላል።

ነጭ ሸማ ያሳያል። ብዙዎች ነጭ ገበር ያስገባሉ፤ ነጭ በነጭ ሥር ግን ጎልቶ ይታያል። ገበሩ ከቆዳዎ ቀለም ጋር የሚቀራረብ ይሁን። ከረጢቱንም በስስ ጥጥ ጨርቅ ልብስ ቢሰፉለት ላብ ይመጥጣል፣ ሲራመዱም የፕላስቲኩ ድምፅ አይሰማም፤ ከቁርጥራጭ ጨርቅ በሩብ ሰዓት የሚሰፋ ነገር ነው።

መቀነቱን ከፍ ያድርጉት። ቅዱን ከጡት ሥር አስጀምረን መቀነቱ የጎድን አጥንት ላይ እንዲያርፍ እናደርጋለን፤ ከዚያ በታች ጨርቁ ተሸንሽኖ ይለቀቃል። ቋጠሮውን በግራ አድርገው ሁለቱን ጫፎች እስከ ጉልበት ቢለቋቸው ከረጢቱ ላይ ይወርዳሉ፤ ሰው የሚያየው የመቀነቱን ዘርፍ ነው። የሌሎቹ እኅቶች ቀሚስም በዚሁ ቅድ ቢሰፋ ማንም ልዩነት አያገኝም፤ ሁሉንም የሚሰፋው አንድ ሰው ከሆነ ይህ ቀላል ነው።

ለምሽቱ ቀሚስ ሳቲን አይግዙ። ሳቲን ብርሃን ስለሚመልስ ትንሿን ጉብታ ሁሉ ያጎላል፤ ክብደት ያለው ክሬፕ ግን ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ጥቁር ሰማያዊውም ይረዳዎታል። ከቀኝ ወገብ ተነሥቶ ወደ ግራ ዳሌ በሰያፍ የሚወርድ ሽንሽን ያሠሩበት። አንድ ነገር ደግሞ አይርሱ፦ በግራ ጎን ስፌት ላይ 25 ሳንቲሜትር ያህል የሚከፈት ድብቅ ዚፕ ይግባ። በሠርግ ድንኳን አጠገብ ባለ ጠባብ መጸዳጃ ውስጥ ያን ሁሉ ቀሚስ ወደ ላይ ሰብስቦ ከረጢት ማየት ፈተና ነው፤ በዚፑ በኩል ግን ከረጢቱ ምን ያህል እንደሞላ በእጅዎ አውቀው ወደ ጭፈራው ይመለሳሉ።

የዘጌ እናት፦

ልጄ፣ ይህን ሁሉ ከምትደክሚ ነጠላሽን በግራ በኩል ጣል ማድረግ አይበቃም? እኛ ስንት ነገር በነጠላ ሸፍነን ኖረናል።

የጣና ዳሯ መምህርት፦

እማማ፣ ምክርዎን አከብራለሁ፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰዓት እንደሚሉት አደርጋለሁ። ቀኑን ሙሉ ግን በሚያዝያ የባሕር ዳር ሙቀት ነጠላውን በግራ እጄ ይዤ ስቆም፣ እጄ ሁልጊዜ ሆዴ ላይ ይሆናል፤ ጎረቤቴን ያሳሳታትም ከቀሚሱ ይልቅ ያ እጄ ሳይሆን አይቀርም።

ለነርሷ፦ ከረጢቱ ባዶ ሲሆን ሆዴ ልሙጥ ነው፤ ሳስልም አየሁት፣ የሚወጣ ነገር የለም። እንዲያም ሆኖ በሚቀጥለው ቀጠሮዬ እጠይቃለሁ።

ትናንት ከምሳ በኋላ ልብስ ሰፊያችን ዘንድ ሄጄ እንደተባለው «የሕክምና ዕቃ» ብዬ ነገርኩት። ሜትሩን ለቀቅ አድርጎ ለካኝና «መቀነቱ ከፍ ይበል» ሲል እኔ ገና አልጠየቅሁትም ነበር። እኅቶቼም ከፍ ያለውን ቅድ ወደዱት፤ ሙሽራዋ እንዲያውም ለራሷም እንዲሁ ይሁንልኝ ብላለች። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል፦ በመልሱ ቀን ቡና የማፈላው እኔ ነኝ፤ ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ስቀመጥ ጭኔ ከረጢቱን ወደ ላይ ይገፋዋል።

መቀስ ይዤ፦

ለዚያ ጨርቅ መልስ የለውም፤ ከፍ ያለ በርጩማ ያስፈልግዎታል። ረከቦቱም ከፍ ባለ ነገር ላይ ይቀመጥ፤ ከሥሩ ቄጤማ ከተጎዘጎዘ እንዲያምር ተብሎ የተደረገ ይመስላል። ሲቀመጡ የቀሚሱን ሽንሽን ወደ ግራ ሰብሰብ ያድርጉት፤ ከመቀመጥዎ በፊትም ከረጢቱን ባዶ ያድርጉ፤ ሦስተኛው ቡና እስኪወርድ መነሣት ላይመችዎት ይችላል።