የእግረኛና የብስክሌት ድልድይ ስቴንለስ ይሁን ወይስ ተራ ብረት?

ባለብስክሌት፦ ትናንት እዚሁ አንድ ወንድማችን «አዲስ አበባ ላይ የሚሠሩት መሻገሪያ ድልድዮች በሙሉ ስቴንለስ (ቶሎ የማይዝግ ብረት) ይሁኑ» ብሎ ነበር። እኔ እደግፈዋለሁ። በየቀኑ የምሻገርበት የብረት ድልድይ ቀለሙ ተልጧል። መደገፊያውን ስይዝ መዳፌ ቡናማ ይሆናል። አንድ የደረጃው ጫፍ ብየዳው ላይ ተበልቶ ጣት ያስገባል። ሰው እኮ ነው የሚሄድበት!

መሐንዲስ፦ ቁጭትህ ይገባኛል። ግን ስቴንለስ የት እንደሚመረጥ እንይ። የሲንጋፖሩ ሄሊክስ የእግረኞች ድልድይ በ2010 የተከፈተ ነው፤ 280 ሜትር ይረዝማል። የተሠራው ዱፕሌክስ ከሚባለው ጠንካራ ስቴንለስ ነው። ያለው ግን ከባሕር አጠገብ ነው። እኛ ጋ የባሕር ጨው የለም፤ መንገድ ላይ ለበረዶ የሚበተን ጨውም የለም። ዝገት እንዲከላከልለት ዚንክ ውስጥ የተነከረ ብረት ይበቃናል። ስቴንለስ ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው፤ ያውም በውጭ ምንዛሪ።

ባለብስክሌት፦ ዚንኩም እኮ አንድ ቀን ያልቃል። ያኔ ማን ያድሰዋል? አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) የሚቀባው ጠፍቶ አይደል ይሄ ሁሉ የዛገው?

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔን የሚያሳስበኝ ደረጃው ነው። አንዱን አዝዬ አንዱን እየጎተትኩ ያን ሁሉ ደረጃ አልወጣም። በሥር ነው የምሻገረው፤ እውነቱን ልናገር። ኢንጂነር፣ ደረጃ የሌለው አይሠራም?

መሐንዲስ፦ ይሠራል እህቴ። መንገዱን በ5 ሜትር ከፍታ ለመሻገር፣ በየ20 ሜትሩ 1 ሜትር ብቻ ከፍ የሚል መወጣጫ ቢሠራ በየጎኑ 100 ሜትር ይፈልጋል። ለብስክሌትም ለዊልቸርም ይመቻል። ለስቴንለስ የሚወጣው ብር እዚህ ላይ ይዋል ነው የምለው።

በያጅ፦ ከሥራዬ ልናገር። ስቴንለስ የማይዝገው ውስጡ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ስላለ ነው። አየር ሲያገኘው ላዩ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ያወጣል። ሽፋኑን የምናበላሸው እኛው ነን። ጥቁር ብረት የቦረሽንበትን የሽቦ ብሩሽ ስቴንለሱ ላይ ስናሳርፈው ብናኙ ይቀራል። ክረምት ሲገባ ነጠብጣብ ዝገት! የራሱ ብሩሽ፣ የራሱ የመሞረጃ ዲስክ ያስፈልገዋል። የብየዳው ጥቁረትም በደንብ መጽዳት አለበት። በዚህ ጥንቃቄ የሚሠራ ካልተገኘ ብሩ ባከነ ማለት ነው።

ባለብስክሌት፦ እሺ፣ እጅ የሚነካው መደገፊያ ብቻ እንኳ ስቴንለስ ቢሆንስ?

በያጅ፦ እሱ ያስኬዳል። ግን በቦሎን ብቻ አትሰሩት፤ ፈትቶ ለቆራሌው የሚሸጥ አይጠፋም። ዚንክ ካለው ብረት ጋር የሚነካካበት ቦታ ላይም ፕላስቲክ ወይም ጎማ ይግባ። ካልገባ ዝናብ ሲያርፍበት ዚንኩ ቶሎ ይበላል።