ፊሊፒንስ ያላችሁ እርዱኝ፦ ጎረቤት የዱቤና የብድር ዕዳ አልከፍል ብላለች

የካቪቴው (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ካቪቴ ውስጥ ከፊሊፒናዊት ባለቤቴ ጋር ነው የምኖረው። ዱባይ ሥራ ላይ ተዋውቀን ተጋባን። ቤታችን በር ላይ ሳሪ-ሳሪ አላት፤ ትንሽ የሰፈር ሱቅ ማለት ነው። ፈቃዱም በእሷ ስም ነው። አንዲት የዚያው ሰፈር ሴት ሩዙንም፣ እንቁላሉንም፣ ሰርዲኑንም በዱቤ ስትወስድ ከርማ 23,000 ፔሶ ደረሰ። በዚያ ላይ ልጄ ታመመብኝ ብላ 45,000 ፔሶ ከባለቤቴ ተበደረች። ለብድሩ የፈረመችው ወረቀት አለ። በወር 5 በመቶ ወለድ እጨምራለሁ ያለችው ግን በቃል ነው። አሁን ስንሄድ በር አትከፍትም። የባለቤቴ ወንድም ፎቶዋን ፌስቡክ ላይ ለጥፈን እናሳፍራት ይላል። ይሻላል? ወይስ ፖሊስ ጋ እንሂድ? ጠበቃ ለመቅጠር አቅሙ የለንም።

ኬዞን ሲቲ
ወንድሜ፣ ፌስቡኩን እርሳው! እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የፊሊፒንስ የሳይበር ወንጀል ሕግ፣ ቁጥር 10175፣ በኢንተርኔት ስም ማጥፋትን በእስር ያስቀጣል። «ዕዳዋ እውነት ነው» ማለት ብቻውን አያድንም፤ በቀና ዓላማ እንደለጠፋችሁ ማስረዳትም ይጠበቅባችኋል። ገንዘቡን የምትጠይቁት እናንተ ሆናችሁ ሳለ ተከሳሽ ትሆናላችሁ። ለአማችህ ዛሬውኑ ንገረው።

ፖሊስም ለዚህ አይሆንም። እ.ኤ.አ. የ1987ቱ የፊሊፒንስ ሕገ መንግሥት ማንም ሰው በዕዳ ምክንያት እንደማይታሰር በግልጽ ይላል። እሷ የማይከፈል ቼክ ሰጥታችሁ ቢሆን ወይም ከመነሻው አታልላ ወስዳ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር። አንተ የነገርከን የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው።

ወ/ሮ ጽጌ፣ ሴቡ
የካቪቴው፣ መጀመሪያ ባራንጋይ ነው የምትሄዱት፤ እንደ እኛ ቀበሌ ያለ የሰፈር አስተዳደር ማለት ነው። ሁለታችሁም አንድ ከተማ ውስጥ ስለምትኖሩ ይህን ደረጃ ዘላችሁ ፍርድ ቤት ብትሄዱ ክሱ ያለጊዜው ቀረበ ተብሎ ሊመለስባችሁ ይችላል። እ.ኤ.አ. የ1991 የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ነው እንዲህ ያደረገው።

አካሄዱ ይኼ ነው። ባለቤትህ ባራንጋይ አዳራሽ ሄዳ አቤቱታዋን ታቀርባለች። ብሎተር ላይ አስመዝግቦ መመለስ አይበቃም፤ እሱ መዝገብ ብቻ ነው። ጎረቤቴ ትጠራልኝ ማለት አለባት። የባራንጋዩ ኃላፊ፣ ካፒታኑ፣ ሁለቱን አስቀምጦ ያሸማግላል፤ ለዚህ 15 ቀን አለው። ካልተስማሙ ሦስት ሽማግሌዎች ያሉበት ፓንግካት ይቋቋማል። እሱም ካልሆነለት ለፍርድ ቤት የሚሆን የምስክር ወረቀት ይሰጣችኋል። ያንን ወረቀት እንዳትጥሉት።

እኔ ባየሁት አብዛኛው ሰው እዚያው ይስማማል፤ ጎረቤት ፊት ቁጭ ብሎ መካድ ከባድ ነው። ደግሞ ጠበቃ አይገባም፤ በእናንተም በእሷም በኩል። ስለዚህ ስለ ጠበቃ ወጪ አትጨነቁ።

ከተስማሙ በጽሑፍ ይሁን። ስንት፣ በየትኛው ቀን፣ ባትከፍል ምን እንደሚሆን፣ ሁሉም ይጻፍ። በ10 ቀን ውስጥ ተገድጄ ወይም ተታልዬ ነው ብላ ካልተቃወመች ስምምነቱ እንደ መጨረሻ ፍርድ ይጸናል። ካልከፈለች እስከ 6 ወር ባራንጋዩ ራሱ ያስፈጽማል። ከዚያ ካለፈ በፍርድ ቤት ነው የሚፈጸመው።

የካቪቴው (ጠያቂ)
እግዜር ይስጥልኝ እትዬ ጽጌ። ሁለት ነገር ልጨምር። ባለቤቴ ሱቁን ጥላ መሄድ ስለማትችል እኔ ብሄድላትስ? ሴትዮዋ ደግሞ ኢሙስ የሚባል ሌላ ከተማ ልትገባ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

ወ/ሮ ጽጌ፣ ሴቡ
አይሆንም ልጄ። ባራንጋይ ላይ ባለጉዳዩ ራሱ ነው የሚቀርበው። ሱቁም ብድሩም የእሷ ነው። አቅርባ ስታበቃ ያለ በቂ ምክንያት ብትቀር አቤቱታው ይዘጋል፤ ፍርድ ቤት መሄጃውንም ታጣለች። አንተ ሱቁን ጠብቅላት፣ እሷ ትሂድ።

ኬዞን ሲቲ
እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ስትጠየቅ «ሱቄ» እንዳትል፤ የባለቤቴ በል። የውጭ ዜጋ ችርቻሮ ንግድ ውስጥ ለመግባት ቢያንስ 25 ሚሊዮን ፔሶ የተከፈለ ካፒታል ያስፈልገዋል። በፊሊፒናዊ ስም ተደብቆ መነገድ ደግሞ በወንጀል ያስጠይቃል። ሚስትህ በእውነት የሱቁ ባለቤት እስከሆነች ችግር የለብህም፤ አነጋገርህን ብቻ አስተካክል።

አዲስ በማኒላ
ኢሙስ ከገባችማ ነገሩ ይለወጣል። የተለያየ ከተማ የሚኖሩ ሰዎች ባራንጋይ የመሄድ ግዴታ የለባቸውም፤ ባራንጋዮቹ ተጎራባች ሆነው ሁለቱም ካልተስማሙ በቀር። ግዴታው ከሌለባችሁ በቀጥታ አነስተኛ ክስ ማቅረብ ትችላላችሁ፤ ስሞል ክሌምስ የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ እስከ 1 ሚሊዮን ፔሶ ያስተናግዳል። የእናንተ 68,000 እዚያ ውስጥ በደንብ ይገባል። ባለቤትህ በምትኖርበት ከተማ ፍርድ ቤት ማቅረብ ትችላለች፤ ኢሙስ ድረስ አትመላለስም።

ቅጹን ፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ጋ ታገኛለች። ችሎቱ ላይ ጠበቃ አይቆምም። ዳኛው ችሎቱ ካበቃ በ24 ሰዓት ውስጥ ይፈርዳል፣ ይግባኝም የለውም። ለዚህ ነው ማስረጃው ሁሉ ከመጀመሪያው ከቅጹ ጋር መያያዝ ያለበት፤ በኋላ አምጥቶ መጨመር ከባድ ነው። እዚህ ላይ በቂ ምክንያት ካላት፣ የውክልና ወረቀት ሰጥታህ አንተ እንደ ባል ልትቀርብላት ትችላለህ።

የካቪቴው (ጠያቂ)
የዱቤው ደብተር ላይ ግን ፊርማዋ የለም። ባለቤቴ ናት የጻፈችው። ወለዱስ?

አዲስ በማኒላ
ወለዱን ተወው። የፊሊፒንስ የፍትሐ ብሔር ሕግ በጽሑፍ ያልተስማሙበትን ወለድ አይቀበልም። በጽሑፍ ከጠየቃችኋት በኋላ ለዘገየችበት ግን ፍርድ ቤቱ በዓመት 6 በመቶ ሊያስከፍላት ይችላል። ስለዚህ የመጠየቂያ ደብዳቤ አሁኑኑ ጻፉ፤ መጠኑንና የመክፈያውን ቀን ጥቀሱ፣ መቀበሏን አስፈርሙ ወይም በአደራ ፖስታ ላኩ።

ለደብተሩ ሜሴንጀሩን ፈትሹ። «ሳምንት እከፍላለሁ» ያለችበት መልእክት ካለ ስክሪንሾት አድርጉ፤ ስሟና ቀኑ ይታይ። በጂካሽ፣ በስልክ ገንዘብ መላኪያው፣ በከፊል ከፍላ ታውቅ ከሆነ ያም ዕዳውን እንዳመነች ያሳያል። ካልተገኘ አሁን በትሕትና «የዱቤሽ ሒሳብ 23,000 ነው፣ ልክ ነው?» ብላ ትጻፍላት።

ወ/ሮ ጽጌ፣ ሴቡ
ገና ካልለቀቀች ግን በዚህ ሳምንት ባራንጋይ ሂዱ። በወር በወር ልክፈል ብትል ተቀበሏት፤ ልጇ ታሞባታል ብለሃል፣ አንድ ጊዜ ከየት ታመጣዋለች? ማስፈረሙን ብቻ አትርሱ።