መብራት እየጠፋ የበዓል ዶሮ ወጥና እንጀራ እንዴት ሳይበላሽ ይቆያል?

መሶበ ወርቅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በዓል ሲመጣ አሥር ሊትር በሚይዝ ድስት ዶሮ ወጥ ይሠራል። ድስቱ እንዳለ ምድጃ ላይ ያድርና ጠዋትና ማታ እየተሞቀ እስከ አራተኛው ቀን ይበላል። እናቶቻችን «ጠዋትና ማታ እስከተንተከተከ፣ ቅቤውም ከላይ እስከረጋ ድረስ ምንም አይሆንም» ይላሉ። እውነት ነው? ወይስ ድስቱን እንዳለ ፍሪጅ ላስገባው? እንጀራው ደግሞ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ይሻግታል፤ ፍሪጅ ሲገባ ይደርቅና ይፈረፈራል። መብራትም አንዳንድ ቀን አምስት ስድስት ሰዓት ይጠፋል። ነገሩን የምታውቁ እባካችሁ በዲግሪና በሰዓት ንገሩኝ።

ድስትና ጭልፋ

ወጡን የሚያበላሸው ከምድጃ ወርዶ እስኪቀዘቅዝ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ባክቴሪያ የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። አሥር ሊትር ወጥ፣ ያውም በሽንኩርት ቁሌት የወፈረ፣ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ከምሽቱ 2 ሰዓት የወረደ ድስት እኩለ ሌሊት አልፎም ጭልፋ ቢገባበት መሀሉ ለብ እንዳለ ነው። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ዘሩ መፍላትን ይቋቋማል፤ ወጡ ወደ 45 ዲግሪ ሲወርድ ይነቃና በ10 ደቂቃ ገደማ እጥፍ ይሆናል። አየር የሌለበትን ቦታ ስለሚወድ ከላይ የረጋው ቅቤ አይከላከለውም፤ እንዲያውም ያመቸዋል። ስለ ቅቤው የሚባለው ትክክል አይደለም።

ማንተክተኩ ግን ጥቅም የለውም ማለት አይቻልም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ያም ቢሆን ይበቃል፣ የሚፈለገው የወጡ መሀል 74 ዲግሪ መድረሱ ነውና። ችግሩ ሌላ ነው። ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ከእጅ ይመጣል፤ በዶሮ ወጥ ውስጥ ደግሞ በመጨረሻ በእጅ ተልጦ የሚገባው እንቁላል አለ። ይህ ባክቴሪያ ወጡ ለብ ብሎ ባደረበት ሰዓት የተወው መርዝ ቢፈላም አይጠፋም። ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል። በዚያ ላይ ድስቱ በሞቀ ቁጥር ተመልሶ እየቀዘቀዘ ያንኑ ለብታ በቀን ሁለቴ ያልፍበታል።

እንዲህ አድርጊ። ለዚያ ማዕድ የሚበቃው ድስቱ ውስጥ ይቅር። ቀሪው ገና ትኩስ እያለ ዝርግ ዕቃ ላይ ይገልበጥ፤ የወጡ ጥልቀት ከ5 ሳንቲሜትር አይብለጥ። ዕቃውን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጪው፤ ውሃው እስከ ዕቃው ወገብ ይድረስ፣ በረዶ ካለ ይጨመርበት። በየ10 ደቂቃው አማስዪው፤ ውሃው ሲሞቅ ቀይሪው። የዕቃው ሥር በመዳፍ ሲነካ ሙቀቱ ከወጣለት ፍሪጅ ይግባ። ከምድጃ ከወረደ ጀምሮ ከ2 ሰዓት አይለፍ። ክዳኑ መጀመሪያ ገርበብ ይበል፤ ጥብቅ ብሎ የሚከደነው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ድስቱን እንዳለ ፍሪጅ ማስገባት አይሆንም። መሀሉ ሌሊቱን ሙሉ ለብ ብሎ ያድራል፤ አጠገቡ ያለውን ወተትና ሥጋም ያሞቃል።

በዚህ መንገድ የገባ ወጥ ፍሪጅ ውስጥ 3 ወይም 4 ቀን ይቆያል። ፍሪዘር ውስጥ፣ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ ጣዕሙን ሳይለቅ 2 እና 3 ወር ይሄዳል፤ ሲሞላ ግን ከላይ 2 ሳንቲሜትር ክፍት ተዪለት፣ ሲረጋ ያብጣልና። እንቁላሉን ከፍሪዘር በፊት አውጪው፤ ነጩ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደ ጎማ ይሆናል። ሲፈለግ የሚበላው ያህል ብቻ ይቀነስና ይሙቅ፤ የሞቀው ተመልሶ ወደ ዕቃው አይግባ።

የጤፍ ነገር

ስለ እንጀራው እኔ ልመልስ። ሊጡ ስለቦካ እንጀራ ኮምጣጣ ነው፤ ኮምጣጣነቱ ብዙውን ባክቴሪያ ያርቃል፣ ሻጋታ ግን አይፈራውም። ሻጋታ የሚጠብቀው እርጥበት ነው። ከምጣድ በሰፌድ የወጣ እንጀራ ትኩሱን ሲደራረብ ወይም ፌስታል ውስጥ ሲገባ ያልበዋል፤ ላቡ ዓይኖቹ ውስጥ ይቋጥራል፣ መጀመሪያ የሚሻግተውም እዚያ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ለብቻው ተዘርግቶ እንፋሎቱ ሙሉ በሙሉ ይውጣለት፤ ከዚያ ይደራረብ። መሶቡ ውስጥ የቀረ ፍርፋሪ ካለፈው ሻጋታ ዘር ይዞ ይቆያል። ከየጋገራው በፊት መሶቡ ይራገፍ፣ ፀሐይ ይምታው፤ የሚለብሰው ጨርቅ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ።

ፍሪጅ ውስጥ መድረቁ የእንጀራው ጥፋት አይደለም። የበሰለ ስታርች ከቤት ሙቀት ይልቅ በፍሪጅ ቅዝቃዜ ቶሎ ይጠጥራል፤ ፍሪዘር ውስጥ ግን ይቆማል። የሁለት ቀኑን መሶብ ውስጥ ተዪው፤ ቀሪውን በተጋገረበት ቀን አራት አራት አድርገሽ፣ በየመሀሉ ስስ ፕላስቲክ እየገባ፣ አየሩን በመዳፍ ተጭነሽ አስወጥተሽ ፍሪዘር ውስጥ ዘርጊው። ሲወጣ ፌስታሉ ሳይፈታ ይሟሟ፤ የወጣው እርጥበት ተመልሶ የሚገባው ያኔ ነው። ተፈትቶ ከሟሟ ጠርዙ ይሰነጠቃል።

የሻገተውን ቆርሶ ሌላውን መብላት አይገባም። አረንጓዴው ነጥብ ላይ ላዩን የሚታየው ነው፤ ክሩ በለስላሳው እንጀራ ውስጥ ሄዷል። ያ እንጀራ ይጣል፤ ከላይና ከታች የነካውም ይታይ። ድርቆሽ ማድረግ ከታሰበ ሳይሻግት ነው፤ የሻገተ ድርቆሽ አይሆንም።

ቀዝቃዛ ሰንሰለት

ከላይ ባለው ላይ አንድ እርማት። «3 ወይም 4 ቀን» የሚሠራው ፍሪጁ በእርግጥ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ብቻ ነው። መቆጣጠሪያው ላይ ያለው ከ1 እስከ 7 ቁጥር ዲግሪ አይደለም። አንድ ብርጭቆ ውሃ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ይደር፤ ጠዋት ቴርሞሜትር ይነከርበት። 8 ካነበበ ያ ፍሪጅ ወጥ ማቆያ አይደለም፤ ወይ ይስተካከል ወይ የበሩ ጎማ ይታይ።

መብራት ሲጠፋ በሩ ካልተከፈተ ፍሪጁ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ 24 ሰዓት። ባዶ ቦታ ካለ የውሃ ላስቲኮችን አንገታቸውን ክፍት ትተሽ ሞልተሽ አስገቢ፤ በረዷቸው መብራት ሲጠፋ ወደ ፍሪጁ ወርዶ ያግዛል። አምስት ስድስት ሰዓት የሚጠፋ ከሆነ ይህ አስፈላጊ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ያለ ወጥ፣ ሥጋና ወተት ከ4 ዲግሪ በላይ ከ2 ሰዓት በላይ ከቆዩ ይጣሉ።

ቤት ሳይኖሩ መብራት ጠፍቶ እንደነበር ለማወቅ በበረዶ በሞላ ኩባያ ላይ አንድ ሳንቲም ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ። ሳንቲሙ ከሥር ወርዶ ከተገኘ በረዶው ቀልጦ ነበር ማለት ነው። ሥጋው ውስጥ አሁንም የበረዶ ቅንጣት ካለ መልሶ ማቀዝቀዝ ይቻላል፤ ጣዕሙ ግን ይቀንሳል።

መሶበ ወርቅ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁሉም ግልጽ ሆኖልኛል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ፈጭቼ ዘይት አፍስሼበት ጠርሙስ ውስጥ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጣለሁ፤ ሳምንታት ይቆያል፣ ሸትቶም አያውቅም። ይህስ?

ድስትና ጭልፋ

እህቴ፣ ይህን ዛሬውኑ ድፊው። ከጠየቅሽው ሁሉ አደገኛው ይህ ነው። ነጭ ሽንኩርት ከአፈር ስለሚወጣ የክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም ዘር ሊኖርበት ይችላል፤ ዘይቱ አየሩን ይዘጋለታል፤ የቤቱ ሙቀት ይበቃዋል፤ የሚከለክለው አሲድም የለም። የሚያወጣው መርዝ ነርቭን ያሽመደምዳል፣ ሽታም የለው። ስለዚህ «አልሸተተም» ማረጋገጫ አይሆንም፤ ቀምሰሽም አትፈትኚው።

አዲስ ሲፈጭ ፍሪጅ ውስጥ ከ4 ቀን አይለፍ። ለብዙ ጊዜ ከተፈለገ በረዶ መሥሪያው ላይ በሾርባ ማንኪያ ልክ እየተደረገ ፍሪዘር ይግባ፤ ሲረጋ ወደ ፌስታል ይዛወር። ለአንድ ቁሌት አንዱን ወይም ሁለቱን ሳይሟሟ ድስት ውስጥ መጣል ነው።