«ቻይው» ለምትሏትም፣ ችላችሁ ለምትኖሩትም

ከደብረ ማርቆስ ሰላም ብያለሁ። ከአሜሪካ ተመልሼ እዚህ እንደምኖር ታውቃላችሁ። ልጁ ውጭ ያለ ወላጅ ሁሉ ታዲያ እኔ ቤት ይመጣል። አንዱ የቪዛ ወረቀት ያስነብበኛል፣ ሌላው ያልደረሰ ሐዋላ ያስጠይቀኛል። ሰሞኑን ግን ሌላ ጉዳይ በዝቷል። «ልጄን አለቃዋ መከራዋን እያሳያት ነው። እስቲ ደውልና ቻይው በላት።»

እኔ አልላትም። ለምን እንደማልል ልጻፍላችሁ። ቤት ስትደውሉም ለወላጆቻችሁ አንብቡላቸው።

አንዲት የቢቸና አካባቢ ልጅ አለች። ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው፤ ሰው እንዳያውቃት አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ የአንድ ትልቅ ኩባንያ መጋዘን ውስጥ በሌሊት ሺፍት ትሠራለች። ሱፐርቫይዘሩ የኛው አገር ሰው ነው። ነገሩን ያከበደውም ይኼ ነው። በጠባቡ መተላለፊያ ሲያልፍ ወገቧን ይዞ ነው የሚያልፈው። «ባላገሯ» እያለ በአነጋገሯ ሰው ያስቃል። እምቢ ብላ እጁን የመታችው ቀን፣ ከቀላሉ ሥራ አንስቶ ከባድ ሳጥን ወደሚጫንበት መስመር ወረወራት።

ኤችአር፣ ማለትም የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል፣ አለ። ግድግዳው ላይ የአቤቱታ ስልክ ተለጥፏል። አልደወለችም። ሥራውን ያስገባት የአጎቷ ልጅ የሱፐርቫይዘሩ ወዳጅ ነው፤ «አስገባኋት፣ አዋረደችኝ» እንዳይላት ፈራች። እናቷ በየሳምንቱ «እንጀራሽን እንዳትደፊ» ይሏታል። የቤቱ ቆርቆሮ የተመታው በእሷ ብር ነው። ወንድሟም የሚማረው በእሷ ነው። በዚህ ላይ ማን ደፍሮ ይናገራል?

ሲብስባት ዘመድ ሽማግሌ ላከ። ቁጭ አሉ፣ ተመከረ፣ ይቅር ተባባሉ ተባለ። በሳምንቱ ያው ሳጥን፣ ያው መተላለፊያ። እኔ ሽምግልናን አልንቅም፤ የገንዘብ ጠብ ይፈታል፣ የባልና ሚስት ኩርፊያ ይፈታል። የሺፍት ፕሮግራም የሚያወጣውን ሰው እጅ ግን ሽማግሌ አይዝም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ ሽማግሌ በተቀጣጠረ ቁጥር ቀኑ ይሄዳል።

ቀኑ ለምን ያሳስበናል? እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን ቀጣሪ ይይዛል። በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በፆታ ወይም በትውልድ አገር ምክንያት የሚደርስ ወከባ ከከፋ ወይም ከተደጋገመ ሕገ ወጥ ነው። ክሱን የሚቀበለው ኢኢኦሲ የሚባለው የፌዴራል ኮሚሽን ነው። ቀነ ገደቡ 180 ቀን ነው። ግዛቱ የራሱ ተመሳሳይ ሕግና መሥሪያ ቤት ካለው 300 ይሆናል፤ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ 300 ነው። ኤችአር «እያጣራን ነው» ስላለ ቀኑ አይቆምም። ሽማግሌ ስለተቀመጠማ ጭራሽ! ማመልከቻው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጠበቃም ግዴታ አይደለም።

ዝምታም ዋጋ ያስከፍላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 በሁለት መዝገቦች የወሰነው እንዲህ ነው፦ አለቃው ሠራተኛዋን ካላባረራት፣ ከደረጃዋ ካላወረዳት ወይም ይህን የመሰለ ከባድ ርምጃ ካልወሰደባት፣ ኩባንያው ደግሞ ወከባን ለመከላከልና ለማረም ተገቢውን ካደረገ፣ «የአቤቱታ መንገድ ነበራት፣ ያለ በቂ ምክንያት አልተጠቀመችም» ብሎ መከላከል ይችላል። ያ የተለጠፈ ስልክ ኩባንያውንም ይጠቅማል ማለት ነው። ኤችአር ወዳጃችሁ ነው አልላችሁም፤ ደሞዙን የሚከፍለው ኩባንያው ነው። ግን በጽሑፍ ካስገባችሁ፣ ቅጂም እጃችሁ ላይ ካለ፣ «አልሰማንም» የሚሉበት አፍ አይኖራቸውም።

ፍርሃቱ ከንቱ ነው የሚል ሰው አትስሙ። አቤት ያለን ሰው መበቀል ሕገ ወጥ ነው፤ ሆኖም ይፈጸማል። ኮሚሽኑ ዘንድ ለዓመታት ከክስ ዓይነቶች ሁሉ በብዛት የሚመራው ብቀላ ነው። «ግሪን ካርድሽን ይነጥቁሻል» የሚለው ግን ወሬ ነው። በዲቪ የመጣ ሰው ግሪን ካርዱ ከአሠሪው ጋር አልታሰረም። ኤች ዋን ቢ በሚባለው፣ አሠሪው በሚያስወጣለት የሥራ ቪዛ ላይ ያለ ሰው ግን ስጋቱ የምር ነው፤ ሥራው ሲያበቃ ያለው ፋታ እስከ 60 ቀን ብቻ ነው። እሱ አስቀድሞ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

ልጅቷ አንድ ጥሩ ነገር ሠርታለች፤ ደብተር ይዛለች። ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። «ኅዳር 12፣ ሌሊት 8 ሰዓት፣ ሦስተኛው መስመር ጋ» ትላለች፤ ምን እንዳደረገ፣ ምን እንዳለ፣ ማን ቆሞ እንዳየ። ሸጋ አድርጋ ነው የጻፈችው። ግን የሀበሻ 8 ሰዓት ለፈረንጅ 2 ኤኤም ነው። ሌሊቱን ከዋለው ቀን ጋር ስለቆጠረችው ቀኑም ዘሏል፦ ለእነሱ ኖቬምበር 22 ነው። እንዲሁ ተተርጉሞ ቢገባ፣ በጻፈችው ሰዓት ሥራ ላይ አልነበረችም ይሏታል። የፈረንጁን ቀንና ሰዓት ከጎኑ ጻፊ፣ ዋናውን ግን አትሰርዢ አልኳት።

ድምፅ ልቅዳ ወይ ለምትሉ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ንግግሩ ላይ ያለ ሰው መቅዳት ይችላል። ሜሪላንድ ውስጥ ግን ሁሉም ካልፈቀዱ ወንጀል ነው። የፖቶማክን ወንዝ ስትሻገሩ ሕጉም ይለወጣል።

አሁን ወደ ወላጆች። አንድ አባት ቡና ላይ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አሉኝ። ሳቄ መጣ። እኚሁ ሰው ለጥማድ መሬት ድንበር ስንት ዓመት ችሎት የተመላለሱ ናቸው! ደግሞስ በ1960 ዓ.ም. አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ የተነሣው የማን አባት ነው? ሞጣና ቢቸና ከፊት ነበሩ። መንግሥት በመጨረሻ የጎጃሙን ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን አነሣ፤ ውዝፉንም ተወ። ይህን ሳነሣባቸው «እሱማ በአገር ነው» አሉ። በአገርማ ዛሬም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል፤ የተነኮሰችዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ መልቀቅ ትችላለች። ዝም አሉ። ከዚያ «ታዲያ ምን ልበላት?» አሉኝ። የዚህን ወር ብር አትላኪ፣ ለጠበቃ ይሁንሽ በሏት አልኳቸው። ደስ አላላቸውም፤ እውነቱን ለመናገር።

የቢቸናዋ ልጅ አቤቱታዋን በጽሑፍ አስገብታለች። ኤችአር ማክሰኞ ቀጥሯታል። አስተርጓሚ አስቀርቡልኝ ብላ ብትጠይቅ፣ «እዚሁ አማርኛ የሚችል ሠራተኛ አለን» ብለው የአጎቷን ልጅ ስም ሰጧት። ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ከዚያ መጋዘን ውጭ የሆነ፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅና ማክሰኞ ጠዋት ነፃ የሆነ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የሠራተኛ ጉዳይ ጠበቃ የምታውቁም እንደዚሁ።