ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባዋ ግን አትፈጥንም፦ ካምቢዮው ነው ወይስ ፕሮፔለሩ?

ጥያቄ፦ ባለጀልባ (ባሕር ዳር)
ጤና ይስጥልኝ ወንድሞች። ከባሕር ዳር ዘጌ ሰው የማመላልስባት ጀልባ አለችኝ፤ ሞተሯ 15 የፈረስ ጉልበት ነው። ሰሞኑን ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ፕሮፔለሩ ድንጋይ ነካ። ከዚያ ወዲህ በቀስታ ስነዳት ደህና ትሄዳለች፤ ነዳጅ ስጨምር ግን ሞተሩ በባዶው ይጮኻል፣ ጀልባዋ ከነበረችበት ፍጥነት ንቅንቅ አትልም። የታችኛውን የማርሽ ዘይት ባየው ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። አንድ መካኒክ «ማርሾቹ በሙሉ ይቀየሩ» አለኝ፤ የጠራው ዋጋ አስደንጋጭ ነው። ሳይከፈት የሚታወቅበት ዘዴ አለ?

መልስ፦ የሞተር ጠጋኝ (ደብረ ማርቆስ)
ወንድም ዓለም፣ ገንዘብህን ያዝ። በቀስታ የሚጎትት፣ ጭነት ሲበዛበት የሚያመልጥ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፕሮፔለሩ ራሱ ነው። በመሐሉ ባለው የብረት እምብርትና በክንፎቹ አካል መካከል ተጨምቆ የገባ ጎማ አለ። ድንጋይ ሲመታ ያ ጎማ ይላቀቃል። ከውጭ ሲታይ ፕሮፔለሩ ምንም አልሆነም፤ እምብርቱ ግን ጎማው ውስጥ ለብቻው ይዞራል።

ፕሮፔለሩን ፈትተህ ከእምብርቱ ተነሥቶ ጎማውን ተሻግሮ እስከ ክንፎቹ አካል የሚደርስ አንድ ቀጭን መስመር በጥፍር ቀለም ሳብ። ቀለሙ ሲደርቅ መልሰህ ግጠም፤ ጥልቅ ውኃ ላይ ወጥተህ ሙሉ ነዳጅ ስጥ። ስትመለስ ፈትተህ እየው። መስመሩ ከሁለት ተቆርጦ ጫፎቹ ከተራራቁ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። ካልተንቀሳቀሰ ያን ጊዜ ስለ ካምቢዮ እናውራ።

መልስ፦ የታንኳ ልጅ (ዘጌ)
የማርሹ ሕመም ድምፁ ሌላ ነው። ነዳጅ ሲጨመር «ቋ! ቋ!» እያለ ከማርሽ የሚወጣ ከሆነ የመያዣ ጥርሶቹ ጫፍ ተበልቷል። እኛ ዘንድ ይህን የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ድንጋይ አይደለም፤ ማርሽ ሲያስገቡ «እንዳይጎዳ» ብለው እያባበሉ ቀስ የሚሉ ነጂዎች ናቸው። ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ሳለ በአንድ ጊዜ ቆረጥ አድርጎ ማስገባት ነው የሚሻለው። ሲባበል ጥርስ ከጥርስ ይፋጫል።

እምቦጭ ወይም የመረብ ቁራጭ ተጠምጥሞ እንደሆነም ሞተሩን አንሥተህ ተመልከት፤ ክንፉ ላይ ሣር ሲጠመጠም ውኃውን በደንብ ስለማይይዘው ሞተሩ ያለ ጭነት ይጮኻል። ከሞተሩ ጎን የሚፈሰው የማቀዝቀዣ ውኃ ከቀጠነ ደግሞ መሳቢያው ተደፍኗልና ወዲያው አጥፋ።

መልስ፦ የሞተር ጠጋኝ (ደብረ ማርቆስ)
ስለ ዘይቱ ልጨምር፤ እርሱ ራሱን የቻለ በሽታ ነው። ነጣ ማለቱ ውኃ መግባቱን ያሳያል። ሞተሩን አንድ ሌሊት ቀጥ አድርገህ አቁመውና ጠዋት የታችኛውን ቡሎን ቀስ ብለህ አላላው። ቀድሞ ንጹሕ ውኃ ከወጣ የገባው ብዙ ነው። ቡሎኑ ጫፍ ላይ ማግኔት ካለው እርሱንም እይ፤ እንደ ዱቄት የላመ ብረት የተለመደ ነው፣ ስባሪ ካገኘህ ግን መካኒኩ እውነቱን ነው።

ውኃው የሚገባው ወይ በላይኛውና በታችኛው የዘይት ቡሎን ሮንዴላ ነው፣ ወይ በፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ ባለው የዘይት መያዣ ላስቲክ። ሮንዴላው ርካሽ ስለሆነ በእርሱ ጀምር። ከፕሮፔለሩ ጀርባ የናይለን መረብ ክር ካገኘህ ግን ላስቲኩን የቆረጠው ያ ነው። ክሩ ሲሽከረከር እየጠበቀ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከውጭ አይታይም። መረብ በበዛበት የሚሠራ ሰው ፕሮፔለሩን አዘውትሮ እየፈታ ማየት አለበት።

አዲስ ላስቲክ ከማስገባትህ በፊት ዘንጉን ባዶ ማርሽ ላይ አድርገህ በእጅህ አዙረው። ጫፉ ከተወዛወዘ ጎብጧል፤ በጎበጠ ዘንግ ላይ አዲሱም ላስቲክ አይቆይም። ዘይቱን ስትሞላ ከታች ወደ ላይ ነው፤ በላይኛው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ። ከላይ ከተሞላ አየር ውስጡ ይቀራል።

ጠያቂው፦ ባለጀልባ (ባሕር ዳር)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መስመሩ ተለያይቷል፤ ከጀርባውም የክር ጥቅል ወጣ። ዘንጉ አይወዛወዝም። አሁን ጥያቄዬ፣ እምብርቱን ከክንፎቹ ጋር በብየዳ ላስይዘው? አዲስ ፕሮፔለር እስኪመጣ ሥራ ላቆም ነው።

መልስ፦ የታንኳ ልጅ (ዘጌ)
ተው፣ አታድርገው! ያ ጎማ የተቀመጠው ድንጋይ ሲመታ እርሱ ተላቅቆ ማርሹን እንዲያድን ነው። ከተበየደ የሚቀጥለው ምት በቀጥታ ዘንጉና ማርሹ ላይ ያርፋል። በትንንሾቹ ሞተሮች ላይ የሚሰበረውን ፒን አውጥተው ምስማር የሚያስገቡ ሰዎችም የሚያጠፉት ይህንኑ ነው። በተለይ በግንቦትና በሰኔ ሐይቁ ሲጎድል፣ በመስከረም የምታልፍበት ድንጋይ ከፕሮፔለርህ እኩል ይሆናል።

መልስ፦ የሞተር ጠጋኝ (ደብረ ማርቆስ)
እውነት ነው። ጎማውን ብቻ በመጭመቂያ የሚቀይሩ ቶርኖ ቤቶች አሉ፤ ጠይቅ። አዲስ ከገዛህ ደግሞ ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ መሆኑን አትርሳ። በዚህ ከፍታ ሞተር ከጉልበቱ አምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል፤ ስለዚህ የክንፉ ጥምዝ (ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት) ለባሕር ዳርቻ አገር ከሚታዘዘው አነስ ያለውን ምረጥ። እስከዚያው ዘይቱን ቀይረህ፣ ሰው ሳትጭን፣ በዝግታ ብቻ ንዳት።